ዘፈኑ የማን ነው? ዘሩስ?
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት ጥቂቶቻችን ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደምትገኘው ጎብዬ ሄደን የአገሩን ዘፈንና የማሽላውን ስም ስንጽፍ ሰንብተናል። አንድ ሽማግሌ ድምፅ መቅረጫችንን አይተው፥ «ይህን ወስዳችሁ የማን ነው ልትሉ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። የምንመልሰው አጣን። የዛሬው ንግግራችን ለእርሳቸው የዘገየ መልስ ነው።

በሬ የተሰረቀበት ሰው በረቱ ባዶ ይሆናል፤ ግጥም የተወሰደበት ሰው ግን ግጥሙ ከአፉ አይጠፋም። ስለዚህም ብዙዎቻችን ይህን እንደ ስርቆት አንቆጥረውም። ሕጉ ግን ይቆጥረዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ደራስያን መብት ደንግጎ ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበት በ1996 ዓ.ም. የወጣውና በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 410 ነው።

አዋጁ የሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸበትን መልክ ነው። ስለ ድርቅ መጻፍ ለሁሉም የተፈቀደ ነው፤ ሌላው ስለ ድርቅ የጻፈውን ገልብጦ የራስ ማድረግ ግን አልተፈቀደም። የደራሲው መብትም ሁለት ነው፤ አንደኛው ከሥራው የመጠቀም መብት፥ ሁለተኛው በሥራው ላይ ስሙ የመነሣት መብት። የመጠቀሙ መብት ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይቆያል።

ፓተንትና የንግድ ምልክት ከዚህ ይለያሉ። ፓተንት ለአዲስ ፈጠራ የሚሰጥ ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍን ዱቄት በሚመለከት በአውሮፓ ፓተንት አውጥቶ ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ግን የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ በሆላንድ ውድቅ አደረገው። የንግድ ምልክት ደግሞ ስምን ይጠብቃል። መንግሥታችን የሐረር፥ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ቡና ስሞችን ለማስከበር ተከራክሮ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ተስማምቷል። ስምም ሀብት ነውና!

አሁን ወደ ማሽላው እንመለስ። በ1992 ዓ.ም. ለገበሬው ከተለቀቁት አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ» ይባላል። የመጣው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ሥራ ሲሆን፥ እኒህ የአገራችን ሰው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። የተመራማሪ ድካም መከበር ይገባዋል፤ የአዳቃዮች መብት የሚባለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ከተመራማሪው በፊት ገበሬው ነበረ። በ1973 እ.ኤ.አ. የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላይሲን የበዛባቸውን ሁለት የማሽላ ዓይነቶች አግኝተናል ብለው ሲጽፉ፥ ዘሮቹ የተገኙት ከወሎ ነበር። የወሎ ገበሬ ደግሞ አንዱን ማሽላውን «ወተት በጉንጬ» ብሎ ይጠራዋል። ላቦራቶሪ ያልነበረው ሰው በምላሱ መርምሮ፥ ለይቶ፥ ስም አውጥቶ አቆይቷል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የዘረመል ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ፥ የማኅበረሰብ ዕውቀት ግን የዚያው ማኅበረሰብ መሆኑን የደነገገው በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ለሽማግሌው የምንመልሰው ይህ ነው፤ አባታችን፥ ቀረጻው የእኛ ሊሆን ይችላል፤ ዘፈኑ ግን በመቅረጻችን የእኛ አይሆንም። ገጣሚው የታወቀ እንደሆነ የገጣሚው ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ እንደሆነም ማንም «የኔ» ሊለው አይገባም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ጥፋቱ የሩቅ ኩባንያ ብቻ አይደለም። እኛም በዚህ ጋዜጣችን የገበሬን ግጥም «ገጣሚው ያልታወቀ» እያልን አትመናል። ያልታወቀው እኛ ስላልጠየቅን ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችንም ውስጥ የፕሮፌሰሩ ስም ከነገጹ ይጠቀሳል፤ ሌሊቱን ሲያጫውቱን ያደሩት ሽማግሌ ግን «መረጃ ሰጪ 4» ተብለው ይቀራሉ።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን። ከመቅረጻችን በፊት እናስፈቅድ፤ ባለቤቱ ከፈቀደ ስሙን እንጻፍ፤ የጻፍነውንም አንድ ቅጂ ለመንደሩ እንመልስ። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ እርሳስና ትሕትና ይበቃል።