በፈረቃ ውኃ ዓሣ ስለ ማኖር



በቤቱ ውስጥ አኳሪየም ለማቆም ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ዓሣዎቹ ቀለምና ዋጋ ነው። ውኃውን ከወዴት እንደሚያመጣና ወዴት እንደሚያፈስስ የሚያስበው ግን ገንዳው ሳሎን ከገባ በኋላ ነው። እንደ አዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ ይህ አሠራር ዓሣውንም ቤተ ሰቡንም ይጎዳል። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ስለ ውኃው እንጂ ስለ ዓሣው አይደለም።

ርዝመቱ 1 ሜትር፥ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር፥ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 200 ሊትር ይይዛል። ውኃው ብቻ 200 ኪሎ ስለሚመዝን ጠረጴዛ ሁሉ አይሸከመውም። ከዚህ ውስጥ በየሳምንቱ ሩቡን፥ ማለት 50 ሊትሩን መለወጥ ይገባል። ከዓሣው ኩስና ከተረፈው ምግብ የሚወጣውን አሞንያ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱ ግን በአብዛኛው የሚቀነሰው ውኃው ሲለወጥ ነው። ፈረቃው ቢዛነፍ እንዳይቸግር ለ2 ሳምንት የሚበቃ 100 ሊትር ተጠባባቂ ውኃ ይኑር። ለዚህ የሚሆን በርሜል ማስቀመጫ ቦታ የሌለው ሰው፥ እንደኔ አስተያየት፥ ገንዳውን ባይገዛ ይሻለዋል።

የቧንቧ ውኃ ለእኛ ጤና ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል። ያው ክሎሪን ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥላል። ስለዚህ ውኃውን አፈ ሰፊ በሆነ ዕቃ ቀድቶ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሳይከድኑ ማሳደር ነው፤ ክሎሪኑ ወደ አየር ይተናል። በተከደነ ጀሪካን የተቀመጠ ውኃ ግን ቢሰነብትም ክሎሪኑ ቶሎ አይለቀውም። ክሎራሚን የተባለው ውሑድ ያለበት ውኃ እንደሆነ ደግሞ በማሳደር ብቻ አይጠራምና በመደብር የሚሸጠው ማርከሻ ጠብታ ያስፈልጋል። ሕፃናት ባሉበት ቤት በበርሜሉ አፍ ላይ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ይታሰር።

አሁን ዋና ወደሆነው ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው የውኃ ጎማ ከቧንቧው ጋር አያይዞ፥ ጫፉን ከገንዳው ውስጥ ነክሮ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ውኃው ቢቋረጥና ከታች ያለ ጎረቤት ቧንቧውን ቢከፍት፥ በመሥመሩ የቀረው ውኃ ወደ ታች ሲወርድ ከኋላው ያለውን ይስባል። ጎማው የተነከረ እንደሆነ የሚሳበው የዓሣው ውኃ ነው፤ ከነኩሱ፥ ዓሣው ሲታመምም ከተጨመረበት መድኃኒት ጋር ወደ ቧንቧው ይገባል። ውኃው በተመለሰ ጊዜ ለሕፃን ምግብ ማብሰያ የሚቀዳው ይኸው ሊሆን ይችላል። መልኩ ስለማያስታውቅም ማንም አይጠረጥረውም።

መከላከያው ገንዘብ አይጠይቅም። የጎማው ጫፍ ዘወትር ከውኃው ፊት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይታሰር። ከዚህ የሚሻለው ግን ቧንቧው ከገንዳው ጋር ከቶ እንዳይገናኝ ማድረግ ነው፤ ቧንቧው በርሜሉን ከላይ ይሞላል፥ ከበርሜሉም በባልዲ ወደ ገንዳው ይገለበጣል። ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ የሚገጥም ቧንቧ ሠራተኛ ቢገኝ መልካም ነው። ሆኖም ቫልቭን ደለል ሊይዘው ይችላል፤ በጎማውና በውኃው መካከል ያለውን ባዶ አየር ግን የሚይዘው ነገር የለም።

ሌላም ጉዳት አለ። ውኃ ጠፍቶ ሳለ ቧንቧው እንደተከፈተ ይረሳል፤ ውኃውም በሌሊት ይመጣል። ባለቤቱ ሲነቃ ምንጣፉ ርሷል፥ ዓሣዎቹ በቀዝቃዛና ክሎሪን ባልወጣለት ውኃ ሞተዋል፥ ከበታች ያለውም ጎረቤት በሩን ያንኳኳል። በርሜሉ መታጠቢያ ቤት፥ ከወለሉ ፍሳሽ መውረጃ አጠገብ ቢቆም ይህ ሁሉ አይደርስም።

አሮጌው ውኃ በጎማ ወደ ባልዲ ይውረድ። ጎማውን በአፍ ከመሳብ ይልቅ አስቀድሞ ውኃ ሞልቶ ሁለቱን ጫፍ በጣት ይዞ ማውረድ ንጹሕ ነው። ናይትሬት ስላለበት ለጎመንና ለአበባ ይስማማል፤ ጨው ወይም መድኃኒት የገባበት ብቻ ለአትክልት አይሁን። የገንዳውን አሸዋ ያጠባችሁበትን ውኃ ደግሞ በወንፊት ሳታጠልሉ ወደ ወጥ ቤቱ ማጠቢያ አትድፉት፤ አሸዋው ከሥር ባለው የቧንቧ እጥፋት ተቀምጦ ይደፍነዋል።