በሌላ ሰው ስም ስለሚደረግ ሐጅ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ጉዳይ ከሐዘን ቤት የመጣ ነው። ከአባሎቻችን አንዲት እናት ለሐጅ የሚበቃ ገንዘብ ከሞላላቸው ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ጤናም ነበሩ። ነገር ግን «የልጅ ልጄን ትንሽ ላሳድግ» እያሉ ሳይሄዱ ዐረፉ። እድሩ በወጉ ቀበረ። ሐዘኑ እንደ ተነሣ ልጆቻቸው በገንዘቡ ተጣሉ። ታላቅየው «እንካፈለው» አለ፤ ሴቷ ልጅ «የእናታችን ሐጅ ነውና አይነካም» አለች፤ ታናሽየው ደግሞ «እኔው ሄጄ ላድርግላት» አለ። እኛንም ለሽምግልና አስቀመጡን። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን የምንመልሰው አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ዐዋቂዎችን ጠይቀን የተረዳነውን፣ ለሁላችንም ይጠቅማል በማለት እነሆ እናቀርባለን።

እንደሚታወቀው ሐጅ አቅሙ ባለው ሙስሊም ላይ በዕድሜው አንድ ጊዜ ግዴታ ነው። ታዲያ ሰው በሰው ፈንታ ሊያደርገው ይችላል? አዎን፣ ይችላል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ የመሰናበቻ ሐጃቸውን ሲያደርጉ፣ ከኸሥዐም ጎሣ አንዲት ሴት ቀርባ፣ አባቷ ከማርጀቱ የተነሣ በከብት ላይ መቀመጥ እንደማይችል ነግራ ብትጠይቃቸው፣ በእሱ ፈንታ እንድታደርግ ፈቅደውላታል። ሐጅ ተስላ ሳትፈጽም የሞተች እናት የነበረቻት ሌላዋ ሴት ስትጠይቃቸውም፣ ነገሩን በገንዘብ ዕዳ መስለው፣ የአላህ ዕዳ ይልቁንም ሊከፈል እንደሚገባው አስረድተዋታል።

እንግዲህ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ለማን ነው? ለሞተ፣ ወይም በእርጅናና ድኅነት ተስፋ በሌለው ሕመም ለተያዘ ሰው ነው። ጤነኛ ሰው «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ግዴታውን በሰው አይወጣም። በማሊኪ መዝሀብማ በሕይወት ያለ ሰው በምትክ ግዴታውን አይወጣም። ደግሞም ዕድሜውን ሙሉ አቅም ያልነበረው ድኻ የሐጅ ዕዳ የለበትም፤ ልጆቹ አይጨነቁ።

ሁለተኛ፣ ማን ይሂድ? ወንድ ለሴት፣ ሴትም ለወንድ ማድረግ ይችላሉ። ነገር ግን የሚሄደው ሰው አስቀድሞ ለራሱ ሐጅ ያደረገ ይሁን። በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀብ ይህ የግድ ነው፤ አለዚያ ሐጁ የሚቆጠረው ለሄደው ለራሱ ነው። በሐነፊ መዝሀብ ተቀባይነት አለው፣ ነገር ግን የሚወደድ አይደለም። ሄያጁ ኢሕራም ሲገባ ኒያውን በተላከለት ሰው ስም ያደርጋል። አንድ ሐጅ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሦስት ቤት ገንዘብ ተቀብሎ አንድ ሐጅ ማድረግ አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ከየት ይውጣ? በሻፊዒ መዝሀብ ግዴታው በሕይወት ሳለ ደርሶበት ከሆነ፣ ሟቹ ባይናዘዝም እንኳ ውርሱ ሳይከፈል እንደ ማናቸውም ዕዳ ከጠቅላላው ንብረት ይወጣል። በሐነፊና በማሊኪ ግን የሚወጣው ሟቹ ከተናዘዘ ነው፤ ያውም ከንብረቱ ሲሶ ሳያልፍ። ካልተናዘዘ ለልጆቹ በጎ ፈቃድ የተተወ ነው። በአገራችን የሦስቱም ተከታዮች ስላሉ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሼኽ ይጠይቅ።

ያ ቤተሰብ ሻፊዒ ስለነበረ ገንዘቡ ሳይከፈል ቀረ። ታናሽየው ለራሱ ሐጅ አድርጎ ስለማያውቅ፣ ቀደም ሲል ሐጅ ያደረጉ አጎታቸው ተላኩ። የጉዞው ዋጋ ጨምሮ ስለነበር የጎደለውን የሞላው ማን ይመስላችኋል? ያው «እንካፈለው» ያለው ታላቅየው ነው።

በምትክ የሚደረገውን ሐጅ ዐረቦች «ሐጅ አል-በደል» ይሉታል፤ በእነሱ ቋንቋ «በደል» ምትክ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ትርጉሙ ሌላ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሳይጠይቁና ሳይዋዋሉ ከላኩ ግን የእነሱ በደል የእኛ በደል ይሆናል! ስለዚህ አቅሙ ያላችሁ ዛሬ ነገ ሳትሉ በጤናችሁ ሂዱ። ያልቻላችሁ ኑዛዜያችሁን በምስክር ፊት አጽፉ። ሰው ስትልኩም ስለ ገንዘቡና ስለሚተርፈው በጽሑፍ ተዋዋሉ።

ለሟቾቻችን ምሕረትን፣ ለቀሪዎቻችን ጤናንና ፍቅርን ይስጥልን።