ለትምህርት ባሕር ማዶ ስለ ሄዱት ባልና ሚስት አባሎቻችን

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ ተለጥፏል።)



ዛሬ በፊታችሁ የምናቀርበው ጉዳይ ስለ ሁለት አባሎቻችን ነው። ስማቸውን አንጠራም፤ ቤቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ባልየው ለዶክትሬት ትምህርት፣ ሚስትየው አብራው ለመኖር፣ አሜሪካ አገር ኦክላሆማ በሚባለው ክፍለ ግዛት ስቲልዎተር ወደምትባል ከተማ ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ በማኅበራችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሬ እንሰማለን። አንዱ «ዶላር የሚቆጥሩ ሰዎች እንደኛ መቶ ብር መክፈል የለባቸውም፣ አምስት መቶ ይክፈሉ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ድንኳን የማይተክል፣ ቀብር የማይወጣ ሰው ከመዝገብ ይሰረዝ» የሚል ነው። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ግን ሰዎቹ እንዴት እንደሚኖሩ ማወቅ አለብን። እኛ የጽሕፈት ሥራ የያዝነው ሰዎች ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከራሳችን አይደለም። ባልና ሚስቱ በስልክ የነገሩንን፣ ወላጆቻቸውም «ተናገሩት» ብለው የፈቀዱልንን ነው።

አስቀድመን ስለ ስፍራው ትንሽ እንበል። ስቲልዎተር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለችም። የዛሬው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በዚያች ከተማ ባለው ኮሌጅ እርዳታ ነው። በ1944 ዓ.ም. በፖይንት ፎር ስምምነት መሠረት የኦክላሆማ መምህራን መጡ፤ መጀመሪያ ጅማ ላይ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ቆይቶም ዓለማያ ላይ ኮሌጁ ተሠራ። ስምምነቱ እስከ 1960 ዓ.ም. ዘልቋል። ንጉሡም በ1946 ዓ.ም. አሜሪካን ሲጎበኙ ስቲልዎተር ድረስ ሄደዋል። ያን ጊዜ ብዙ የዓለማያ ልጆች ለከፍተኛ ትምህርት ወደዚያው ይላኩ ነበር፣ ተመልሰውም የፈረንጆቹን ወንበር ተረከቡ። በዓለም የምግብ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2009 የተከበሩት ዶክተር ገቢሳ እጀታም በዚያው በጅማው ትምህርት ቤትና በዓለማያ ነው የተማሩት፤ ዶክትሬታቸውን ግን ፐርዱ ከሚባል ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው ያገኙት። ይህን የምንለው ልጁ የሄደበት መንገድ አባቶቹ የረገጡት መሆኑን እንድታውቁ ነው። ልዩነቱ የያኔዎቹ በመንግሥት ትእዛዝና በጀት መሄዳቸው ነው። የዛሬዎቹ ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ተፈትነው፣ ራሳቸው ለምነው ነው።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ፣ ነገ ለልጆቻችሁም ይሆናልና። እነዚህ ልጆች የተጋቡት በቤተ ክርስቲያንና በሽማግሌ ነው። ለቪዛ ግን ይህ አይበቃም፣ ከወረዳው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ምዝገባው በአዲሱ ሕግ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተጋባችሁ ብዙዎቻችሁ ወረቀት የላችሁም። ከዚያም ማስተርጎም፣ ማረጋገጥ፣ ማኅተም ማስመታት አለ። ዘመኑ ሲገለበጥ ደግሞ ጣጣ ይመጣል፦ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈው የልደት ቀን በአንዱ ወረቀት ላይ በትክክል ተለውጦ፣ በሌላው ላይ ሳይለወጥ ይቀርና ሰውየው ሰባት ዓመት ያረጀ ይመስላል። ከወረቀቶቻችሁ መካከል አንዱ እንኳ ቢለያይ ቀድማችሁ አስተካክሉ። ቪዛ ሲጠየቅ የሚከፈለውም ከ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወዲህ በሰው 185 ዶላር ሆኗል፤ ቢፈቀድም ባይፈቀድም አይመለስም።

ስምም አለ። በእኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። እዚያ ግን መዝገብ ቤት ሲሄዱ «ባልና ሚስት ከሆናችሁ ስማችሁ ለምን ተለያየ?» ተባሉ። እሷንም ሚስስ ብለው በአባቷ ስም ይጠሯታል፤ በእነሱ አነጋገር የገዛ አባቷ ሚስት ሆነች ማለት ነው። በስልክ ስትነግረን እያሳቀን ነበር፣ ለሷ ግን የጋብቻውን ወረቀት ከቦርሳዋ የማታወጣበት ሳምንት አልነበረም።

አሁን ዋናው ነገር። ባልየው የማስተማር ረዳት ሆኖ ይሠራል። የትምህርት ክፍያው ተነሥቶለታል፣ በወር ደመወዝ ይሰጠዋል፤ ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ሚስትየውስ? እዚህ ሳለች በአንድ ባንክ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች፣ ከባሏ የበለጠ ታገኝ ነበር። በእሷ ዓይነት ቪዛ የገባች የተማሪ ሚስት ግን በአሜሪካ ሕግ ሥራ መሥራት ፈጽሞ ክልክል ነው። ቀን ከፍሎ ልጅ መጠበቅም፣ ሳሕን ማጠብም አይቻልም። የሥራ መለያ ቁጥርም አይሰጣትም። መማር ከፈለገች በጎደሎ ሰዓት ትምህርት ትጀምር ይሆናል፣ በሙሉ ሰዓት ግን ቪዛዋን ካላስለወጠች አይሆንም፤ ክፍያውም ከየት ይመጣል?

የወሩን ሒሳብ ጠይቀናቸው ሳይደብቁ ነግረውናል። ግብር ተቀንሶ 1,750 ዶላር ይደርሳቸዋል። የቤት ኪራይ ከመብራትና ከውኃ ጋር 780 ነው። የሚስትየው የጤና መድን 350፣ የእሱን ትምህርት ቤቱ ይሸፍናል። ምግብ 330፣ ስልክና ኢንተርኔት 90፣ ላሮጌዋ መኪና ቤንዚንና መድን 140። ደምሩት፣ 1,690 ይመጣል። የቀረው ስድሳ ዶላር ነው። እሱም የሚሠራው ዘጠኝ ወር ብቻ ነው፣ ክረምት ላይ ደመወዙ ይቋረጣልና ስድሳው የሚጠራቀመው ለዚያ ነው። መኪና ምን ያደርግላቸዋል የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም ጠይቀን ነበር። ከተማዋ 50 ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ያላት ናት፤ እንደ እኛ ከኃይሌ ጋርመንት ወደ ጀሞ ታክሲ በየደቂቃው አይገኝባትም።

እና ከዚህ ሠፈር ሰው ደውሎ «200 ዶላር ላኩልኝ» ይላቸዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ነገር ከተለወጠ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ በላይ ከወጣ በኋላ፣ ጠያቂው በዝቷል። የሰው ችግር ይገባናል፣ ኑሮው ለሁላችንም ከብዷል። ግን እነሱ የሚበሉትና የሚከራዩት በዶላር ነው። ያ ለውጥ የመጣው ሊሄዱ አንድ ወር እንኳ ሳይቀራቸው ነው፤ በብር ያጠራቀሙት የጉዞ ገንዘብ አንሷቸው የሚስትየው እናት የአንገት ወርቃቸውን ሸጡ። ይህን የሚያውቁ ጥቂቶች ናችሁ፣ እናትየው ግን በዛሬው ስብሰባ እንዲነገር ፈቅደዋል።

ስለ ምግብ ብዙ አንልም። ጤፉ ከአይዳሆ ይመጣል፤ በእነሱ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራ አሜሪካዊ አገሩ ገብቶ ማምረት ጀምሮ ነው። ሊጡ በነሱ ብርድ አልኩራራ ብሏት መጀመሪያ ሰሞን የሚወጣው እንጀራ ዓይን አልነበረውም፣ አሁን ለምዳዋለች። ለተጓዥ ስንቅ የምታዘጋጁ እናቶች፦ በርበሬና ሽሮ ይግባ፣ ቋንጣ ግን አትላኩ፤ ሥጋ አየር ማረፊያ ላይ ይወረሳል።

ከሁሉ የከበዳት ብቸኝነቱ ነው። ባልየው ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፣ አንዳንድ ቀን ከቤተ ሙከራ እኩለ ሌሊት ነው የሚመለሰው። እሷ ቤት ትውላለች። በአካባቢው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ስለሚነሣ በከተማው የማስጠንቀቂያ ጡሩምባ ተተክሏል፣ እየተነፋም ይሞከራል። መጀመሪያ ጊዜ ስትሰማ በድንጋጤ ከቤት ወጣች። በእኛ ዘንድ ጡሩምባ ሲነፋ ሰው ከየቤቱ ይወጣ የለም? እዚያ ግን ትርጉሙ «ግቡና ተሸሸጉ» ነው። ደጅ ላይ ብቻዋን ቆማ ቀረች። በሁለተኛው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሚስቶች የሚገናኙበት የቋንቋ ትምህርት አግኝታለች፣ ከአንዲት የኔፓል ሴትና ከአንዲት ጋናዊት ጋር ወዳጅ ሆናለች። ከባሏ ጋርም ተጣልታ እንደነበር አልደበቀችም። «አንተ ስትማር እኔ ምን ሆንሁ?» ብላዋለች። የዚህን ሠፈር ሽማግሌ በስልክ አድርገን አስታርቀናል፤ ይህም የማኅበር ሥራ ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ኅዳር 2018 ዓ.ም. እንመለስ። የሚስትየው አባት፣ የማኅበራችን ነባር አባል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አረፉ። እዚያ ገና ያለፈው ቀን ምሽት 2 ሰዓት ነበር። እኛ እንደ ወጋችን መርዶው በሰው አፍ እንዲነገር ኦክላሆማ ሲቲ ያሉ ኢትዮጵያውያንን በዘመድ በኩል አፈላልገን አገኘን። በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ ሊነጋ ሲል ተነሥተው፣ ባልየውን አስጠንቅቀው፣ እሷ ቁርስ ሳትበላ ሊደርሱ ተስማምተን ነበር። በዚህ መካከል ከዚሁ ከሠፈራችን አንድ ሰው የሟቹን ፎቶግራፍ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ አወጣ። እሷ በሌሊት የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀምጣ ስልኳን ስትከፍት አየችው። ሰዎቹ ሲደርሱ የታጠበው ልብስ እርጥብ እንደሆነ ወለሉ ላይ ነበር፣ እሷም አጠገቡ። ያን ሰው ዛሬ አንወቅሰውም፣ ክፉ አስቦ አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ እንዲሆን አንፈልግም።

«ለምን ለቅሶ አልመጣችም?» ያላችሁም አላችሁ። እናስረዳ። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አሜሪካ ባወጣችው ደንብ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የተማሪ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ፣ ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግል ሆኗል። እዚያ ያለ ተማሪ ትምህርቱን እስከቀጠለ ሊቆይ ይችላል፣ ቪዛው ካለቀ በኋላ ከወጣ ግን ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ ተሰልፎ አዲስ ቪዛ መጠየቅ አለበት፤ ቢከለከልስ? እሷ አባቷን ልትቀብር መጥታ ብትቀር ባሏ ብቻውን ሊሆን ነው፤ አብሯት ቢመጣና ቢከለከል የአንድ ዓመት ከመንፈቁ ትምህርት ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። የቲኬቱም ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ በሠልስቱ ዕለት በስልክ ድንኳናችን ውስጥ ገብታ አለቀሰች፤ እናቷ ስልኩን እቅፋቸው ላይ አድርገው እንደነበር ያላችሁ ሁሉ አይታችኋል። ያን ዕለት ድንኳኑን የተከልነው፣ ንፍሮ የቀቀልነው፣ እናቷን ያስተዛዘንነው እኛ ነን። በእሷ ምትክ ታናሽ ወንድሟ ወንበር ሲያመላልስ ዋለ።

እንግዲህ ኮሚቴው ተነጋግሮ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለትምህርት የሄደ አባል መዋጮው እንደ ማንኛውም አባል መቶ ብር ይሁን፣ አምስት መቶ አይጠየቅ። በጉልበት ሥራ ምትክ ከቤተሰቡ አንድ ተወካይ ያስመዝግብ፣ ተወካዩ ቢቀር እንደ አባል ይቀጣ። ተወካይ የሌለው አባል ምን ይደረግ በሚለው ላይ ኮሚቴው ራሱ አልተስማማም፣ ግማሹ ቅጣት በገንዘብ ይሁን ይላል፣ ግማሹ አይሆንም ይላል፤ እናንተ ወስኑ። መርዶን በተመለከተ፣ ባሕር ማዶ ልጅ ያለው ቤት ኀዘን ሲደርስበት ዳኛው «ተነግሯል» እስኪሉ ድረስ ማንም አባል ፎቶግራፍም ሆነ ጽሑፍ በስልክ አያወጣም፤ የሚያወጣ ይቀጣል። የቅጣቱን ልክም እንድትወስኑ እንፈልጋለን። እያንዳንዱ ባሕር ማዶ ያለ አባል አጠገቡ ካሉ ኢትዮጵያውያን የአንዱን ስልክ ለጽሕፈት ቤቱ ያስመዝግብ፣ ሌሊት ሰው ስንፈልግ አንባዝንም።

ባልና ሚስቱን ማነጋገር የምትፈልጉ እሑድ እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ደውሉ፤ ያን ጊዜ እዚያ ጠዋት ነው፣ እሱም ቤት ይገኛል። ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚያዛውሩ ልዩነታችን አንዳንዴ ስምንት፣ አንዳንዴ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ በእኛ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ደውሎ የሚቀሰቅሳቸው ሰው ስላለ ነው ይህን የምንናገረው። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ነው። ተቃውሞ ያለው አባል ከዚያ በፊት በጽሑፍ፣ መጻፍ የማይችልም መጥቶ በቃል ይንገረን፣ እኛ እንጽፍለታለን።