የሲዬና ከተማ የሸንጎ ቤት



በኢጣሊያ አገር፥ በቶስካና አውራጃ፥ ሲዬና የምትባል በኮረብታ ላይ የተሠራች ጥንታዊት ከተማ አለች። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1287 እስከ 1355 ዓ.ም. ድረስ ያስተዳድሯት የነበሩት «ዘጠኙ» የሚባሉ ሹማምንት ናቸው። የሹመታቸው ዘመን ሁለት ወር ብቻ ነበረ፤ በዚህም ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ተለይተው በሸንጎው ቤት ይቀመጡ ነበር።

የቤቱ ሥራ በ1297 ተጀመረ፤ በ1310 ዘጠኙ ገቡበት። ታችኛው ክፍል ከድንጋይ፥ ላይኛው ከቀይ ጡብ የተሠራ ነው። ሁለቱ ክንፎቹ ጥቂት ወደ ፊት ዘንበል ብለው አደባባዩን ያቅፋሉ። በ1297 በወጣው ደንብም በአደባባዩ ዙሪያ ቤት የሚሠራ ሁሉ መስኮቱን በትናንሽ ዓምዶች እንዲከፍል ታዘዘ፤ ይኸውም ቤቶቹ ከሸንጎው ቤት ጋራ እንዲስማሙ ነው።

የደወሉ ግንብ በ1348 ተፈጸመ፤ ቁመቱም ወደ 88 ሜትር ይደርሳል። የቆመው በዝቅተኛ ስፍራ ሲሆን፥ ጫፉ በኮረብታው ላይ ካለው ከካቴድራሉ የደወል ግንብ ጋራ ይተካከላል። ይህም የቤተ ክርስቲያንና የከተማው ሥልጣን እኩል መሆኑን ለማሳየት እንደ ሆነ ይነገራል።

ነገር ግን የቤቱ ዋና ሀብት ዘጠኙ ይመክሩበት በነበረው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ነው። አምብሮጆ ሎሬንዜቲ የተባለ ሠዓሊ በ1338ና በ1339 ሣለው። በአንደኛው ግድግዳ ፍትሕ በሴት አምሳል ከሚዛን በታች ተቀምጣለች። ከሚዛኑ የወረዱትን ሁለት ገመዶች ስምምነት የምትባል ሴት አንድ አድርጋ ለ24 የከተማ ሰዎች ታቀብላለች፤ እነርሱም እስከ ገዢው እጅ ያደርሱታል። በስምምነት ጭን ላይ የእንጨት ሠሪ መላጊያ ተቀምጧል፤ ይኸውም ጠብንና መበላለጥን ማስተካከሏን ያመለክታል። ከዚህ አጠገብ ገበሬው ሲያጭድ፥ ነጋዴውም ያለ ስጋት ሲጓዝ ይታያል።

በሌላው ግድግዳ ቀንድ ያለው ግፈኛ ገዢ በዙፋን ተቀምጧል፤ ፍትሕ ግን ታስራ ከእግሩ በታች ወድቃለች። ከተማው ፈርሷል፥ እርሻውም ጠፍ ሆኗል። እንግዲህ ሹማምንቱ ለምክር በተቀመጡ ቍጥር ሁለቱም መንገዶች በዓይናቸው ፊት ነበሩ።

በ1348 ታላቁ ቸነፈር ከከተማይቱ ሕዝብ እጅግ ብዙውን ፈጀ፤ ሠዓሊውም በዚያው እንደ ሞተ ይታመናል። ዘጠኙም በ1355 ከሥልጣን ወረዱ። ቤቱ ግን እስከ ዛሬ የከተማው ማዘጋጃ ቤትና ቤተ መዘክር ሆኖ ያገለግላል።

ስለዚህ ዳኛ ወይም ሽማግሌ ለፍርድ በሚቀመጥበት ስፍራ ሁሉ ያ ገመድ ሊታሰብ ይገባል፤ የፍርድ ገመድ ከሕዝብ እጅ ከወጣ፥ ፍትሕን ማሰሪያ መሆኑ አይቀርምና።