መምሪያው ከሥራው ገበታ አይለይ



ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯት ደብረ ብርሃን ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ የሚማር ወጣትም አይታጣባትም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱ ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ተማሪው ያልገባውን ትእዛዝ ከማን ይጠይቅ?

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገኛል። የዩኒክስ ሥርዓት የመጀመሪያ መምሪያ በ1971 እ.ኤ.አ. ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ፣ ሶፍትዌርና መምሪያው አብረው እንዲሄዱ ልማድ ሆኗል። ዛሬም በሊኑክስ ላይ ሶፍትዌር ሲጫን መምሪያው «ማን» ወይም «ኢንፎ» በሚባል ማኅደር ይቀመጣል። ይሁን እንጂ በዲስክ ላይ መቀመጡ ብቻ አይበቃም፤ ሠራተኛው ሥራውን ሳያቋርጥ ሊያገኘው ይገባል።

በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ግኑ ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ይህን አቃሎታል። ጸሐፊው የኮንትሮልን ቁልፍ ከኤች ጋር ተጭኖ አይን ቢያስከትል፣ የተጫኑት የኢንፎ መምሪያዎች ማውጫ ይከፈትለታል። ቪም በተባለው ማዘጋጃ ደግሞ ጠቋሚውን ከአንድ ቃል ላይ አቁሞ ትልቁን ኬ ቢጫን የዚያ ቃል መምሪያ ይቀርብለታል። እንደ አንድምታ መጽሐፍ ንባቡና ትርጓሜው ሳይራራቁ ይነበባሉ። ከዚህም በላይ መምሪያው ከተጫነው እትም ጋር የመጣ በመሆኑ፣ የሌላ እትም ማብራሪያ ከሚያስከትለው ስሕተት ያድናል።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን መምሪያው ሁልጊዜ ከሶፍትዌሩ ጋር የማይጫን መሆኑ ነው። በዴቢያን ሊኑክስ የኢማክስ መምሪያ በፈቃድ ውሉ ምክንያት ከነፃ ሶፍትዌሮች ክፍል ውጭ ተለይቶ ይገኛል፤ ሲ በተባለው ቋንቋ ለሚጽፉ የሚያገለግሉት ገጾችም ራሳቸውን የቻሉ ጥቅል ናቸው። ይህን ያላወቀ ሰው የጎደለውን የሚረዳው ኢንተርኔቱ በጠፋ ቀን ነው። ስለዚህ የቤተ ሙከራ ኃላፊ ሶፍትዌር በሚጭንበት ዕለት መምሪያውንም መጫን፣ ከዚያም ኢንተርኔቱን ዘግቶ ከማዘጋጃው ውስጥ መከፈቱን መፈተን ይኖርበታል።

የቋንቋውም ጉዳይ መፍትሔ አለው። ኢማክስ በ1997 እ.ኤ.አ. በወጣው 20ኛ እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ይዟል፤ የልዩ ልዩ ቋንቋዎች ሰላምታ በተሰበሰበበት ገጹም «ሠላም» የሚለው የአማርኛ ቃል ይነበባል። አንድ መምህር የትምህርቱን ማስታወሻ ቴክስኢንፎ በተባለው የመምሪያ አጻጻፍ በአማርኛ አዘጋጅቶ በማውጫው ቢያስመዘግበው፣ ከእንግሊዝኛዎቹ መምሪያዎች ተርታ ይሰለፋል። ተማሪውም ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም፣ በገዛ ቋንቋው የሚመልስለት መምህር ከገበታው አያጣም።