ሆድ ሲናገር፥ ጉበት ዝም ሲል

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከከሚሴ የመጣ የጤና ተማሪ ያደረገው ንግግር)



በዚህ መድረክ ላይ ስለ ትምህርት መስፋፋትና ስለ አገር ኤኮኖሚ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ጉዳይ ከነዚህ ጋር ሲተያይ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ይኸውም የሆድ ነገር ነው። ስለ ቃር፥ ስለ ግሳት፥ ስለ ሆድ መነፋትና ስለ ድርቀት በአዳራሽ መናገር ያሳፍራል የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በየቤታችን ሰው የሚታመመውና ገንዘቡን የሚጨርሰው በዚሁ በሚያሳፍረው ነገር ስለ ሆነ፥ ጥቂት ጊዜ እንድትታገሡኝ እለምናችኋለሁ።

የተወለድሁት በአማራ ክልል፥ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፥ በከሚሴ ነው። ወደ ደሴ በመኪና የተጓዘ ሁሉ አጣዬን አልፎ በቦርከና ሸለቆ፥ በጨፋ ሜዳ አጠገብ ያገኛታል። በአገራችን ኦሮምኛም አማርኛም ይነገራል፤ አንዱ “ገራ” ሲል ሌላው “ሆድ” ይላል። ሁለቱም ቃላት ምግብ የሚያርፍበትን ብቻ ሳይሆን ሐዘንና ሐሳብ የሚቀመጥበትንም ስፍራ ያመለክታሉ። እንግዲህ የኛ አገር ሰው “ሆዴን” ብሎ ሐኪም ፊት ሲቀርብ፥ ሐኪሙ ገና ምንም አልሰማም ማለት ይቻላል።

ነገሩን በአጎቴ ልጀምር። አጎቴ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ቀኑን በሱቅ ተቀምጠው ሚዛን ይጠብቃሉ። ከምግብ በኋላ ሆዳቸው ይነፋል፥ ቃር ያቃጥላቸዋል፥ ጥቂት እንደ ቀመሱ ይጠግባሉ፤ ከቀኝ የጎን አጥንታቸው ሥር ደግሞ አንድ ነገር የተሸከሙ ያህል ይከብዳቸዋል። ለዚህ ሁሉ ስድስት ዓመት የሰጡት ስም አንድ ነበር፤ ጨጓራ። ተልባ ጠጡ፥ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ክኒንም በኪሳቸው ይዘው ዞሩ። ለዕረፍት ስሄድ “አጎቴ፥ ተመርምረው ያውቃሉ?” ብዬ ብጠይቃቸው፥ “ጨጓራ ምን ምርመራ ያሻዋል፥ አንተ ልጅ? እኔ አውቀዋለሁ፥ እሱም ያውቀኛል” አሉኝ።

አምና ግን ውሃ ጥም ስለ በዛባቸው ሄደው ቢታዩ የስኳር በሽታ ተገኘባቸው፤ በአልትራሳውንድም ሲታዩ “ጉበትዎ ስብ ይዟል” ተባሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፍርዳቸው ተገለበጠ። “ስድስት ዓመት ጨጓራዬን በከንቱ ስወቅስ ኖሬአለሁ፤ ለካ ጥፋቱ የጉበት ኖሯል” ብለው ክኒኑን ጣሉ፥ ጉበት ያጥባል የተባለ መራራ ቅጠልም አስመጡ። እኔ ለመናገር የተነሣሁት ስለ እነዚህ ሁለት ፍርዶች ነው፤ ሁለቱም የተሳሳቱ ነበሩና።

በመጀመሪያ የጉበት ስብ ምን እንደ ሆነ እንይ። ጉበት በአዋቂ ሰው ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን፥ ከአንጀት የሚመጣውን ደም ተቀብሎ ምግቡን የሚያደላድል አካል ነው። ከመቶ የጉበት ሕዋሳት ውስጥ ከ5 በላይ የሆኑት ስብ ሲቋጥሩ በሽታው ገብቷል ይባላል። በዓለም ላይ ዛሬ ከሦስት አዋቂዎች አንዱን ያህል እንደሚነካ ይገመታል። ከአልኮል መጠጥ ሊመጣ ይችላል፤ ሆኖም እንደ አጎቴ ያለውን፥ ጠጅም አረቄም በአፉ ያልዞረውን ሰው፥ ከስኳር በሽታ፥ ከወገብ ውፍረትና ከደም ግፊት ጋር ሆኖ ይይዘዋል። ሐኪሞችም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2023 “በአልኮል ያልመጣ የጉበት ስብ” የሚለውን የቀድሞ ስም ትተው፥ በሽታውን ከሰውነት የምግብ አጠቃቀም መዛባት ጋር የሚያያይዝ ስም ሰጥተውታል።

ይህ የጥጋብ በሽታ ነው፥ የኛን አገር ምን አገኘው የሚል ይኖር ይሆናል። ስብ በጉበት የሚገባው ግን በጥጋብ ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1935 ዶክተር ሲስሊ ዊልያምስ የተባሉ ሴት ሐኪም በጎልድ ኮስት፥ ማለት በዛሬዋ ጋና ያዩትን በሽታ ኳሺኦርኮር በሚል ስም ለሕክምና ዓለም አስተዋወቁ። በዚህ በሽታ እግራቸው የሚያብጠው የተጎዱ ሕፃናት ጉበታቸው በስብ የተሞላ ነው፤ አንዱም ምክንያት ስብን ከጉበት አውጥቶ የሚያጓጉዘው ፕሮቲን መጉደሉ ነው። ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ያየውን ረሃብ ለዚህ ጉባኤ መተረክ አያስፈልገኝም። ከዚያ በኋላ በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ስለ መጣው ረሃብም በራያ ቆቦ የተደረገ ጥናት፥ በእናታቸው ማሕፀን ሳሉ ረሃብ የነካቸው ሰዎች ካደጉ በኋላ ለስኳር፥ ለደም ግፊትና ለወገብ ውፍረት ችግሮች ይበልጥ እንደሚጋለጡ አመልክቷል። እንግዲህ ያንኑ አንድ ጉበት ትናንት በረሃብ፥ ዛሬ ደግሞ በስኳርና በመቀመጥ ከሁለት ወገን እየጎዳነው ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሆድ ልመለስ። ጉበት በውስጡ ሕመም የሚያስታውቅ ነርቭ የለውም፤ ሕመም የሚሰማው ሽፋኑ ነው። ስለዚህ በስብ ያበጠ ጉበት ሽፋኑን ሲወጥር፥ በቀኝ የጎን አጥንት ሥር ክብደት ወይም ጎልቶ የማይለይ ሕመም ሊሰማ ይችላል። ከዚህ ያለፈው አብዛኛው የሆድ ስሞታ ግን የጉበቱ ልጅ ሳይሆን የጉበቱ ወንድም ነው፤ ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸውና። በሆድ ውስጥ የተከማቸ ስብ ጨጓራን ሲገፋ አሲዱ ወደ ላይ ወጥቶ ቃር ይሆናል። የቆየ የስኳር በሽታ የጨጓራን ነርቭ ሲጎዳ ምግብ ቶሎ አይወርድም፤ ሰውየውም ቶሎ ይጠግባል፥ ያቅለሸልሸዋል። ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒትም በጅማሬው ሆድ ሊያስቀምጥ ይችላል። የሐሞት ጠጠርም በነዚሁ ሰዎች ላይ ይበዛል፤ እርሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቅባት ከተበላ በኋላ በቀኝ በኩል ጨምድዶ ይይዛል።

በኛ አገር የሆድ ሕመም ሌሎች ባለቤቶችም አሉት። ጨጓራ የሚያቆስለው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ በኢትዮጵያ እጅግ የተስፋፋ ነው። ጃርድያና አሜባ አሉ። በወሎ ቆላማ ወንዞችና ቦዮች ደግሞ ቢልሐርዝያ አለ፤ የትሉ እንቁላል በጉበት የደም ሥሮች ውስጥ ተቀርቅሮ ጠባሳ ይሠራል፤ ይህም ጉበትን ይጎዳል እንጂ ስብ አይደለም። ቢልሐርዝያ ከተነሣ ዶክተር አክሊሉ ለማን መርሳት አይገባም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ በወንዝ ዳር ሲያጠኑ፥ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ያንኑ ውሃ አይቶ ያለፈ ብዙ ነው፤ እሳቸው ግን ቆመው ጠየቁ፥ ከዚያም መረመሩ። እኛም በሆድ ሕመም ላይ ልናደርግ የሚገባን ይህንኑ ነው።

ጫትን ሳላነሣ ባልፍ አገሬን አላውቅም ማለት ነው። በዚህ አዳራሽም የሚቅም እንዳለ አውቃለሁ፤ አይቆጣኝ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፥ ድርቀትም ያመጣል። በሐረር በሆስፒታል የተደረገ፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 የታተመ ጥናትም ጫትን ከቆየ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። በዚህ ላይ አብሮ የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ፥ ከቀትር እስከ ማታ የሚዘልቀውም መቀመጥ አለ። የሚቅመው ሰው ሆዱ ሲደርቅና ሲነፋ “ጨጓራዬ” ይላል፤ በቀን ስንት ማንኪያ ስኳር እንደ ጠጣ ግን የሚጠይቀው የለም።

እስካሁን የተናገርሁት ሆድ ብዙ እንደሚናገር ነው። የከፋው ግን ጉበት ዝም ማለቱ ነው። የጉበት ስብ ካለባቸው ብዙዎቹ ምንም አይሰማቸውም፤ የደም ምርመራቸው እንኳ ደኅና ሊመስል ይችላል። በሠፈራችን አንዲት እናት ነበሩ። የስኳር በሽታ ነበረባቸው፤ ሆዳቸውን ግን አሟቸው ስለማያውቅ ስለ ጉበታቸው የጠየቀ አልነበረም። አንድ ሌሊት ደም አስታወኩ። ደሴ ሲደርሱ ጉበታቸው አስቀድሞ በጠባሳ ጠጥሮ እንደ ነበር ታወቀ፤ ምክንያቱ ስብ ይሁን ቫይረስ ሳይለይ ዐረፉ። ልጃቸው የክፍል ጓደኛዬ ነበር። በለቅሶው ላይ “እናቴ ሆዷን አሟት አያውቅም እኮ” እያለ ለመጣው ሰው ሁሉ ይደጋግም ነበር። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ብቻ እላለሁ።

አንደኛ፥ ሆዱ ቢያመውም ባያመውም፥ የስኳር በሽታ፥ የደም ግፊት ወይም የወገብ ውፍረት ያለበት ሰው ጉበቱ ይታይለት። በዕድሜ፥ በሁለት የጉበት ኤንዛይሞችና በፕሌትሌት ቁጥር የሚሠራ ቀላል ስሌት በጉበት ላይ ጠባሳ መኖሩን ለመገመት ይረዳል፤ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም አብሮ ይደረግ።

ሁለተኛ፥ ጉበቱ ስብ የያዘ ሰው የሆዱን ሕመም ሁሉ ለጉበቱ አይስጥ፤ ቃሩም ድርቀቱም በየራሱ ይመርመር። ነገር ግን ዐይን ቢጫ ሲሆን፥ ሆድ በውሃ ሲነፋ፥ ደም ሲያስታውክ፥ ዐይነ ምድር እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ወይም ሰውየው ሲቃዥ ነገ አይባልም፤ ያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። ያለ ምክንያት ሰውነት ሲከሳም ሳይዘገይ መታየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፥ ጉበት በቅጠል አይታጠብም። ዐይን ቢጫ ሲሆን “የወፍ በሽታ ነው” ተብሎ ቅጠል እንደሚፈለግ ሁላችንም እናውቃለን። የአባቶቻችንን ዕውቀት አልንቅም፤ እንዶድም ቅጠልና ፍሬ ያለው ተክል ነው። ነገር ግን በሰሜን ምዕራብ ትግራይ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2001 ገደማ ጀምሮ ሆድ እየነፋ ሰው የገደለውን የጉበት በሽታ መርማሪዎች ከእህል ጋር ከሚቀላቀል አረም መርዝ ጋር አያይዘውታል። ከምድር የበቀለ ሁሉ ለጉበት ገር አይደለም። ስቡን የሚያወጣው ክብደት መቀነስ ነው፤ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቀስ በቀስ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ቢቀንስ ስቡም የጉበቱም ብግነት ይቀንሳል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2024 በአሜሪካ የተፈቀደው ሬስሜቲሮም የተባለ መድኃኒት እንኳ ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ጋር እንዲወሰድ የታዘዘ ነው። ለወሎ ሰው ደግሞ አንድ የምሥራች አለኝ፤ ቡና የሚጠጡ ሰዎች የጉበት ጠባሳ ያነሰ እንደሚታይባቸው ብዙ ጥናቶች አመልክተዋል፤ ስኳሩ ግን ይቅር።

አጎቴ ቅጠሉን ከመጠጣታቸው በፊት በብዙ ልመና ተመልሰው ተመረመሩ። ባክቴሪያው ተገኝቶባቸው መድኃኒቱን ጨረሱ፥ ቃሩም ተዋቸው። በቀኝ ጎናቸው ያለው ክብደት ቀለል ቢል እንጂ አልጠፋም፤ ጉበታቸውም ገና ክትትል ይሻል። አሁን ከሱቅ ወደ ቤት በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣትን ግን እንደ ቅጣት ይቆጥሩታል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ክረምት ሲገባ ወደየአገራችን እንበተናለን። ዘመዶቻችን ተማሪ መጣ ብለው ሆዳቸውን ይነግሩናል። ክኒን እንዳናዝላቸው፥ በአዋቂነትም እንዳንመጻደቅባቸው አደራ። የት ላይ ነው የሚያመው? መቼ ጀመረ? ተመርምረው ያውቃሉ? ብለን እንጠይቃቸው። “ምንም አያመኝም” የሚሉትንም አንለፋቸው።