ዳኛው ወይስ ሰዓቱ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንዳደርግ በታዘዝሁ ጊዜ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ጊዜ ክቡርነት ይናገራል ብላችሁ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። በውነቱ ስለ ጊዜ መናገሬ አይቀርም፤ ነገር ግን የምናገርለት ጊዜ ዘጠና ደቂቃ ብቻ ነው። ነገሩ የእግር ኳስ ነው። እግር ኳስ ለእንዲህ ያለ በዓል አይበቃም የሚል ቢኖር፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ማታ በየቤቱና በየሻይ ቤቱ የነበረውን ክርክር እንዲያስታውስልኝ በትሕትና እለምነዋለሁ።

በዚያን ቀን ኢትዮጵያና ናይጄሪያ ብራዚል ላይ ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ለማለፍ፣ ከደርሶ መልሱ ጨዋታ የመጀመሪያውን በአዲስ አበባ ስታዲየም አደረጉ። አገራችን እዚያ ደረጃ ስትደርስ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎም ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ስለ ነበር የሰው ልብ ከመጠን ይልቅ ሞልቶ ነበር። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቤታችን ውስጥ ከልጆች በቀር መሬት ላይ የተቀመጠ አልነበረም ልበል? የለም፣ ትልልቆቹም መሬት ላይ ነበሩ፤ ወንበሩ አልበቃም።

ጨዋታው ገና 0 ለ 0 ሳለ የኛ ልጆች የመቷት ኳስ ከናይጄሪያ ጎል መስመር ላይ ተመለሰች። «ገብታለች!» ብሎ ቤቱ ሁሉ ተነሣ። ዳኛው ግን አላጸደቃትም። ከዕረፍት በኋላ በ57ኛው ደቂቃ ገደማ በኃይሉ አሰፋ አገባ፤ አያቴ እልልታዋን ለቀቀችው። ደስታው ግን ዐሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ቆየ፤ በ67ኛው ደቂቃ ኢማኑኤል ኤመኒኬ አቻ አደረገ። ከዚያም ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ በ90ኛው ደቂቃ፣ ሪጎሬ ተሰጠብን፤ ያንኑም ኤመኒኬ አገባው። 2 ለ 1። አያቴ «ታዲያ ነገ ተመልሰው አይጫወቱም?» ብላ ስትጠይቅ የመለሰላት ሰው አልነበረም።

እኔ ከዚያ ማታ የማስታውሰው ከጨዋታው ይልቅ ክርክሩን ነው። ተከራካሪዎቹ አጎቴና ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነበሩ። አጎቴ «ዳኛው ነው የበላን! መስመር ያለፈችውን ከለከለ፣ የመጨረሻዋን ሪጎሬ ሰጠ፤ ሌላ ምን ቀረው?» ይላል። ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ ሻዩን እያማሰለ «ወዳጄ፣ ዳኛው ተወው። 1 ለ 1 ሆነን ዐሥር ደቂቃ ሲቀረን ኳሷን ወደ ማዕዘን ወስደን ብንይዛት፣ የእጅ ውርወራውን ብናዘገየው፣ ማን ሪጎሬ ይሰጥብን ነበር? ሰዓት መያዝ አቃተን» ይለዋል። አጎቴም «በገዛ ሜዳችን ሰዓት እንግደል? በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት?» ብሎ ተቆጣ። አባቴ መካከል ገብቶ ቡና ባያስፈላ ኖሮ ነገሩ ወደ ጠብ ሳይሄድ አይቀርም ነበር።

ካደግሁ በኋላ ሁለቱም ያሉትን በእርጋታ መረመርሁት። አጎቴ እንደ ተሳሳተ ብቻ የሚናገር ሰው ደንቡን አያውቅም። በዚያን ጊዜ በእንግዳ ሜዳ የገባ ጎል ብልጫ ነበረው፤ ስለዚህ 1 ለ 1 ቢያልቅ ኖሮ ናይጄሪያ በመልሱ 0 ለ 0 ብትወጣም ታልፍ ነበር። እንግዲህ የኛ ልጆች ሁለተኛ ጎል ፍለጋ ወደ ፊት መሄዳቸው ሞኝነት አልነበረም። ነገር ግን ልብስ ሰፊውም «1 ለ 1 ባይበቃ ከ2 ለ 1 ይሻላል» ቢል ማን ሐሰት ነው ይለዋል?

አሁን አንድ ቁጥር ልንገራችሁ፤ በዚህ ነገር ብዙ ሌሊት ስላሰብሁበት ነው። ናይጄሪያ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ በሦስት ጨዋታ ስድስት ጎል አግብታብናለች። ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፣ በአፍሪካ ዋንጫ፣ ቪክቶር ሞሰስ በ80ኛውና በ90ኛው ደቂቃ ሁለት ሪጎሬ አገባ። በዚያ ጨዋታ በረኛችን ሲሳይ ባንጫ በመጨረሻው ሰዓት ከሜዳ ስለ ተሰናበተና ቅያሪያችንም ስላለቀ፣ አዲስ ሕንጻ ጓንቱን አጥልቆ ጎል ውስጥ ቆመ። በአዲስ አበባ የሆነውን ነግሬአችኋለሁ። ኅዳር 7 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ በካላባር ሞሰስ በ20ኛው ደቂቃ በሪጎሬ፣ ቪክቶር ኦቢና በ82ኛው ደቂቃ በቅጣት ምት አገቡ።

ቍጠሩልኝ። ከስድስቱ አራቱ ሪጎሬ ናቸው። አጎቴ ይህን ቢሰማ «አላልሁህም?» ይላል። ደግሞ ቍጠሩ። ከስድስቱ አራቱ ከ80ኛው ደቂቃ ጀምሮ የገቡ ናቸው። ልብስ ሰፊውም «አላልሁህም?» ይላል። እነዚያው ስድስት ጎሎች ናቸው! ለዳኛ ክስ የሚሆኑትም፣ ለእኛ ክስ የሚሆኑትም እነርሱው ናቸው። ተከራካሪው የቱን እንደሚያነሣ አስቀድሞ የወሰነ እንደ ሆነ ቁጥሩ እንደ ፈለገው ይታዘዝለታል።

ስለ ሰዓቱ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ብዙ ደጋፊ የማያውቀው እዚህ ላይ ነውና። በቅርጫት ኳስ ሰዓቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሁሉም ያየዋል፤ ኳስ ሲቆም ይቆማል። በእግር ኳስ ግን ሰዓቱ የሚኖረው በዳኛው እጅ አንጓ ላይ ነው፤ ደግሞም አይቆምም። ለተጎዳው፣ ለቅያሪው፣ ሆን ተብሎ ለባከነው ሁሉ ዳኛው በልቡ ቈጥሮ በመጨረሻ ይጨምራል። ሰሌዳ ላይ የሚወጣው ቁጥርም ትንሹ ልክ ነው፤ ዳኛው ሊጨምርበት ይችላል፣ ሊቀንስለት ግን ከቶ አይችልም። በ90ኛው ደቂቃ ሪጎሬ ቢሰጥ፣ ሰዓቱ ቢያልቅ እንኳ ምቱ እስኪፈጸም ይጠበቃል። ስለዚህ «ሰዓቱ አልቆ ነበር» የሚለው የሻይ ቤት ክርክር ብዙ ጊዜ ፍሬ የለውም።

ፍሬ ያለው ግን አለ። ጥር 4 ቀን 2014 ዓ.ም. በካሜሩን፣ በሊምቤ ከተማ፣ ቱኒዚያና ማሊ ሲጫወቱ ዛምቢያዊው ዳኛ በ85ኛው ደቂቃ ላይ የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ። ተሳስተሃል ሲባል አስቀጠለና እንደ ገና ዘጠናው ሳይሞላ ጨረሰ። ቱኒዚያ 1 ለ 0 ስትመራ አልነበረም፤ የምትመራው ማሊ ነበረች። የቀረውን ደቂቃ ጨርሱ ተብለው በተጠሩ ጊዜ ቱኒዚያውያን ከመልበሻ ክፍል አልወጡም፤ ውጤቱም እንዳለ ጸና። ይህን ያየ ሰው የደጋፊን ጩኸት ሁሉ «የተሸናፊ ሰበብ» ብሎ ሊያልፈው አይገባም። የተበደለ ሰው ዝም ቢል ጨዋ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በ2002 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ የእንግሊዙ ፍራንክ ላምፓርድ በጀርመን ላይ የመታት ኳስ መስመሩን ብዙ አልፋ ሳትጸድቅ ቀረች። ከሁለት ዓመት በኋላም የዩክሬን ኳስ በእንግሊዝ ላይ እንደዚያው ሆነች። ከነዚያ ሁሉ አቤቱታዎች በኋላ ነው ጎል መስመር ላይ ዐይን የሚሆን መሣሪያ እንዲገባ የተፈቀደው። የዓለም ዋንጫውን ሜዳዎች ያገለገለው ያ መሣሪያ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም አልነበረም። ቢኖር ኖሮ አጎቴ ወይ ይረታ ነበር፣ ወይ ዝም ይል ነበር። ሰዓቱም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ኳታር ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ዳኞች የባከነውን በጥንቃቄ እንዲቈጥሩ ታዘው፣ እንግሊዝና ኢራን ሲጫወቱ በሁለቱም አጋማሽ የተጨመረው ተደምሮ ከ27 ደቂቃ በላይ ሆነ።

ነገር ግን አጎቴ በዚያን ማታ ያላነሣው አንድ ነገር ነበረ፤ ልብስ ሰፊውም አላነሣውም። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ባሸነፍንበት ጨዋታ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። ሁለት ካርድ! አንድ፣ ሁለት ብሎ የሚቈጥር ሰው ጠፋ። ሕዝቡ ደቡብ አፍሪካን አሸነፍን ብሎ መንገድ ላይ ሲጨፍር ወሬው ደረሰ፤ የቦትስዋናው ድልም 3 ለ 0 ሽንፈት ሆኖ ሦስት ነጥብ ተወሰደብን። ልጆቹ ጳጉሜን 2 ቀን በብራዛቪል መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 ባያሸንፉ ኖሮ የናይጄሪያው ጨዋታ ራሱ አይኖርም ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ ዳኛ የለበትም፣ ናይጄሪያም የለችበትም። የዳኛውን ሰከንድ የምንቈጥር ሰዎች የራሳችንን ካርድ አልቈጠርንም። ቤታችን ውስጥ ስለዚህ ነገር የተከራከረ ሰው መኖሩን አላስታውስም።

እኔ ይህን ሁሉ በድፍረት የምናገረው ነጻ ሆኜ አይደለም። የምነግራችሁ የራሴ ነገር አለ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በክፍሎች መካከል በተደረገው የዋንጫ ጨዋታ ላይ ፊሽካ ተሰጠኝ። የተሰጠኝም ደንብ ስለማውቅ ነው ተባለ፤ እውነቱ ግን ኳስ ስለማልችል ነው። የአባቴን የእጅ ሰዓት አሰርሁ። በሁለተኛው አጋማሽ አንድ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ተጣምሞ ወደቀ፤ ውኃ እስኪመጣለት፣ ተደግፎ እስኪወጣ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆምን። ልብ ብዬ አላሰብሁትም። ሰዓቴ ሲሞላ ፊሽካዬን አነሣሁ፤ በዚያው ቅጽበት የልብ ጓደኛዬ፣ ቡድኑ 1 ለ 0 እየተመራ፣ ከሩቅ መታ። ኳሷ አየር ላይ ሳለች ነፋሁ። ኳሷ ገባች።

ሜዳው ተናወጠ። እኔ «ፊሽካው ቀድሟል» አልሁ፤ ይህም እውነት ነበር። በደንቡ መሠረት ፊሽካ ከተነፋ ጨዋታ ቆሟልና ጎል የለም። ይህንኑ እውነት ደጋግሜ ተናገርሁት፤ በክፍል ተናገርሁት፣ በምሳ ሰዓት ተናገርሁት፣ ለመምህራችንም ተናገርሁት። ሦስት ደቂቃ መጨመር እንደ ነበረብኝ ግን በዚያው ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ትዝ አለኝ፤ ትዝ ካለኝ በኋላም «ፊሽካው ቀድሟል» ማለቴን አልተውሁም። ጓደኛዬ «ዳኛ በላን» እያለ ዞረ። ሰዎች ሳቁበት፤ የተሸናፊ ሰበብ ነው አሉት። ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠን መጽሐፍ ተዋውሰን እናውቃለን፤ እንደ ቀድሞው ግን አልተነጋገርንም።

እርሱ የጮኸው ስለ ፊሽካው ነበር፤ በፊሽካው ተሳስቶ ነበር። ስለ ሰዓቱ ቢጮኽ ኖሮ መልስ አልነበረኝም። እኔ ደግሞ እርሱ የቱ ላይ እንደተበደለ አውቅ ነበር፤ እያወቅሁም አልነገርሁትም። ልብስ ሰፊው ዛሬ በሕይወት የሉም እንጂ ይህን ብነግራቸው ምን ይሉኝ እንደ ነበር ብዙ ጊዜ አስባለሁ። አጎቴ እንኳ ሲሰማ «ታዲያ አንተም ዳኛ ነህ» ብሎኛል።

ጓደኛዬ አሁን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀምጧል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የበዓሉ ጨዋታ አለ። ፊሽካው ለስፖርት መምህራችን ተሰጥቷል፤ እኔ የመስመር አራጋቢ ሆኜ ተመድቤአለሁ። የባከነውን ደቂቃ ከሜዳ ዳር ሆኖ የሚቈጥርና የሚጽፍ አንድ ሰው ስለሚያስፈልግ፣ እርሱ እንዲሆን ለመምህሩ አመልክቻለሁ። የአባቴንም ሰዓት ይዤ መጥቻለሁ፤ ይኸው በኪሴ ነው። እሺ ማለቱን ገና አላወቅሁም።